በሯ አልዘጋ ያላት መኪና

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረስዎ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ነገሩ የመኪና ነው። የመኪና ብቻ ቢሆንማ ጋራዥ ሄጄ እጠይቅ ነበር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኤም ጂ ቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ትቶልኝ ሞተ። በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ። በንጉሡ ዘመን ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ እንግሊዛዊ ላይ ነው የገዛት። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሆጤ ካለው ግቢያችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ ሥር ቆማ ነበር። ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር ብል አላጋነንኩም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጓደኛዬ "እናስነሳት" አለኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። እሱ ኮምቦልቻ በያጅ ነው፤ ከ25 ዓመት በላይ የአይሱዙና የላንድክሩዘር ቦዲ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ብሎን ከዳዶ አልለይም ነበር። እሁድ እሁድ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ እሱ በሚኒባስ ሀረጎን ወጥቶ ይመጣል፤ ልጁን ይዞ። እናቴ ቡና ታፈላለች። በረካዋን ሳይጠጣ ብረት አይነካም። ለድካሙ አንድ ብር ተቀብሎኝ አያውቅም። "አንተ መጽሐፉን አንብብልኝ፣ ብረቱን ለእኔ ተወው" ይለኛል። መጽሐፉ ከመኪናዋ ጋር የመጣ የጥገና መጽሐፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ።

ባትሪ ልናስር ስንል ለምሳሌ አነበብኩለት። በዚያ ዘመን ሥሪት ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። እሱ እንደ ሌላው መኪና ኔጌቲቩን ሊያስር ነበር። ያን ቀን ስንስቅ ዋልን።

ሞተሯ ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ተነሳ። ሁለት ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) አላት። ጓደኛዬ የቁራጭ ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራቶሩ አፍ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አንዴ የፊተኛውን፣ አንዴ የኋለኛውን፣ የሁለቱ ፉጨት እኩል እስኪሆን። ደሴ ደጋ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ይወጣ ነበር። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ዳዶ ትንሽ ትንሽ እያዞረ ቤንዚኑን ቀነሰላት። ከዚያ ቱቦውን "ስማ" ብሎ ለልጁ ሰጠው። ቀጥሎ ለእኔ። እናቴ ሳትቀር ተራዋን አዳመጠች።

ከዚያ ወደ ቦዲዋ ዞርን። ከበሮቿ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ብረት በዝገት አልቋል። ጓደኛዬ ቆርጦ አወጣና አዲስ ላሜራ በየደበት። ብየዳው ሲያዩት ያምራል። በሮቹን መልሰን ስንሰቅል ግን አልዘጋ አሉ። ከላይ ይጣበቃሉ፤ ከታች ጣት ያስገባሉ።

በዚያው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አንድ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ሰው ይዞ መጣ። ልሸጣት አስቤ ሳይሆን ዋጋዋን ለማወቅ ብዬ ነው። ሰውዬው በሩን ሞከረና "ይህን ማን ነው ያበላሸው?" አለ። ጓደኛዬ ከነልጁ እዚያው ቆሟል። እኔ በጣቴ አመለከትኩና "የኮምቦልቻውን ሊቅ ጠይቀው" አልኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እጁን ታጠበ፣ እናቴን ተሰናበተ፣ ልጁን ይዞ ሄደ።

ይኸው ሁለት ወር ሊሆነን ነው። ስደውል ያነሳል። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይልና ይዘጋል። መፍቻዎቹ እኔ ቤት ናቸው፤ ልላክልህ ብለው "ይቀመጡ" አለኝ። እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር "ልጄስ?" ትላለች።

የሦስት ዓመት ድካሙን አስልቼ ልክፈለውና ሌላ ሰው ይጨርሳት? ሽማግሌ ልላክበት? ወይስ ጊዜ ይፍታው? ደግሞስ ያበላሸው እሱ አይደለም እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ።

የሆጤው መምህር፣ ከደሴ

*

ወንድሜ፣

እውነቱን ካልክ እሺ። እትዬ ስላልከኝ ደግሞ አንተ እልሃለሁ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ሳቁ አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ጎኗ ሲቆረጥ መጽሐፉ የት ነበር? ስለ ባትሪው አንብበህለታል፣ ሽቦ ሳይቃጠል ተረፈ። ስለ ጎኗ ማንበብህን ግን አልጻፍክም። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ስላደግሁ ከእነዚህ መኪኖች ጋር ትንሽ እንተዋወቃለን። ለእሱ ያልተነበበለት ምን እንደሆነ ልንገርህ።

ኤም ጂ ቢ ሻንሲ የላትም። ጓደኛህ 25 ዓመት የኖረባቸው መኪኖች ከሥራቸው ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ ቦዲው ላዩ ላይ የተቀመጠ ነው። የላንድክሩዘር ጎን ቢቆረጥ ሻንሲው ይሸከመዋል። የእናንተዋ ግን ሻንሲዋ ራሱ ቦዲዋ ነው። የብረት ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ መሃሏን ቀጥ አድርገው የሚይዙት በዋናነት እነዚያ ከበር ሥር ያሉት ብረቶች ናቸው። ሳይደገፉ ሲቆረጡ ወገቧ እንደ አሮጌ አልጋ ይረግባል። ረግባ ሳለች አዲሱ ብረት ከተበየደ፣ እንደረገበች ትጸናለች። ከላይ መጣበቅ፣ ከታች መክፈት ያልከው ምልክቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ያበላሸው ማነው ላልከው፣ ሁለታችሁም ናችሁ፤ የሚበዛው ግን ወደ አንተ ነው። እጁ የለመደውን ሠራ። "አንብብልኝ" ያለህ ሰው ነው። ያ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ ጭራሽ ባያነሳ እንኳ፣ ስለዚህች መኪና በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ የለም። ከ1962 እስከ 1980 በፈረንጅ አቆጣጠር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የምትጠገንበት ዕቃ እስከ ዛሬ የሚሠራውም ስለበዛች ነው። ስለዚህ አትደንግጥ፤ መጨረሻዋ አልደረሰም።

ሰውዬውን በተመለከተ ደግሞ ቅር ብሎኛል። ዋጋዋን ለማወቅ ነው አልክ፤ ይሁን። ጓደኛህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር? ሦስት ዓመት እሁዱን የሰጠባትን መኪና አንድ የማያውቀው ሰው ሲያገላብጥ ቆሞ አየ። "የኮምቦልቻው ሊቅ" ሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ቢሆን እሱም ይስቅባት ነበር። ያን ቀን ግን ልጁ አጠገቡ ነበር። ያ ቱቦ ጆሮው ላይ አድርጎ ከአባቱ ሙያ የተማረው ልጅ፣ አባቱ መሳቂያ ሲሆን አየ። ሰው ልጁ ፊት ሲነካ እንዴት እንደሚሆን አስተማሪ ሆነህ ታጣዋለህ አልልም።

ገንዘቡን ተወው። አሁን ብትልክለት ሒሳብ ዘጋሁ ማለትህ ነው፤ ሦስት ዓመት በጓደኝነት የደከመውን የቀን ሥራ ታደርግበታለህ። ሽማግሌ እወዳለሁ፤ ወሎ ውስጥ ስንት ነገር በሽማግሌ ተፈትቷል። ለዚህ ግን በዛ። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ክሱን መናገር ይጠበቅበታል፤ እሱ ደግሞ ቅር ያለው ሰው እንጂ ከሳሽ አይደለም። ጊዜማ ምን እንደሚያደርግ ቆርቆሮው ሥር አይተኸዋል።

ደግሞ "ይቀመጡ" ያለህን ልብ አላልካትም። በያጅ መፍቻውን ዝም ብሎ ሰው ቤት አይተውም። (የእሷ ብሎን በኢንች ስለሆነ መፍቻዎቹ ለአይሱዙ አይሆኑትም ትለኝ ይሆናል። ቢሆንስ? የማይመለስ ሰው አምጣልኝ ብሎ ይሸጣቸው ነበር።)

እንግዲህ መጀመሪያ የቀረብህን ሥራ ሥራ። ስለ ጎኗ አንብብና በአማርኛ ጻፈው። እኔ የማውቀው ባጭሩ ይህ ነው፤ መኪናዋ ጠንካራ ድጋፍ ላይ ደልዳላ ሆና ትቀመጣለች። በሩ ተሰቅሎ ይቆያል። የአንዱ ጎን ብየዳ ይፈታና መሃሏ በክሪክ ቀስ እየተባለ ይነሳል። የበሩ ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ሲሆን፣ ከፊተኛው የበር ምሰሶ እስከ ኋለኛው በአንጎላሬ ብረት ትታሰራለች። ብረቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ፣ በሩ እየተሞከረ፤ ልክ ሲሆን ሙሉውን። አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ዝርዝሩ ላይ እሱ አንተንም እኔንም ያስተምረናል። ሻንሲ እንደሌላት ይወቅ ብቻ።

የሽያጩን ነገር ስትታረቁ በዚያው ቀን አታንሳው። ሌላ እሁድ፣ ቡና ላይ። ትሸጣለች ወይስ አትሸጥም? ከተሸጠች የእሱ ድርሻ ስንት ነው? በወረቀት ይስፈር። ለጓደኛ ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። የእናንተስ ይሁን፤ ልጆቻችሁ እንደ እናንተ እንደሚዋደዱ በምን አወቅህ?

ኮምቦልቻ ራስህ ውረድ። ስልክ አይሆንም፤ ስልክ ላይ "ደህና ነኝ" ብሎ ማምለጥ ይችላል። የጻፍከውን ወረቀት ያዝ። ልጁ ባለበት እንዲህ በለው፤ "ጎኗ ሳይቆረጥ ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር፣ አላነበብኩልህም። ያን ቀን ደግሞ በልጅህ ፊት ነካሁህ። አፉ በለኝ።" ከዚህ አታስረዝመው። በተለይ "ቀልዴን እኮ ነው" የምትለዋን ደሴ ጥለሃት ውረድ። ስትደርስ ልጁ ከትምህርት ቤት ካልተመለሰ፣ ወሬህን በሌላ በሌላው አድርግና ቁጭ ብለህ ጠብቀው።