“በቀን አንድ ብቻ ነው” ለምትሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሲጋራ ጤና እንደሚጎዳ የማያውቅ አጫሽ እምብዛም የለም፤ ፓኮው ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ እሱን እየደጋገምኩ አላሰለቻችሁም። የምትሳሳቱት ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነና የት እንደሚያርፍ ስትገምቱ ነው።

የብዙዎች ስሌት “ትንሽ ካጨስኩ ትንሽ እጎዳለሁ” የሚል ነው። ለሳንባ ካንሰር ይህ ከሞላ ጎደል ያስኬዳል፤ አደጋው በሲጋራው ብዛት፣ ከዚያም በላይ በተጨሰበት ዘመን ርዝመት ያድጋል። ልብ ግን ለዚህ ሒሳብ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው 20 የሚያጨሰው ካለበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አለበት። ከሃያ አንድ እጅ የጠበቀ ሰው ሒሳቡ ፈጽሞ አልመጣለትም። ጥቂት ጭስ እንኳ የደም ሥርን ውስጠኛ ሽፋን ያውካል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ቶሎ እንዲጣበቁ ያደርጋል። ከ20 ወደ 5 የቀነሰ ሰው ለሳንባው ረድቷል፤ ለልቡ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

“አያቴ እስከ 90 ዓመታቸው አጭሰው ምንም አልሆኑም” የሚለው ክርክር ደግሞ የሳንባ ካንሰርን ብቻ ያያል። እውነት ነው፣ አብዛኛው አጫሽ የሳንባ ካንሰር አይይዘውም። ስትሮኩ፣ የልቡ ሕመም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የፊኛው ካንሰር ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለው ጥናት ሁሉንም ደምሮ ሲያሰላው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል። ያው ጥናት በ30 ዓመት ግድም ያቆመ ይህን ኪሳራ ከሞላ ጎደል እንደሚያመልጥ፣ በ50 ያቆመ ግን 6 ዓመት ያህል ብቻ እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ይህን ሰምቶ “እስከ 30 ላጭስና አቆማለሁ” የሚል ወጣት አይጠፋም። ሱስ የሚያስይዘው የትምባሆ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል የሚደርስ ነገር ስለሆነ ቀጠሮ አያከብርም።

“ላይት” በሚባለው ሲጋራም አትታለሉ። ማጣሪያው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመለኪያ ማሽን ላይ ጭሱን በአየር ያቀጥኑታል፤ ሰው ሲያጨስ ግን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፣ ኒኮቲኑን እስኪያገኝም አጥብቆ ይስባል። የሺሻ ውኃም ጭሱን ያቀዘቅዛል እንጂ መርዙን አያጠራም፤ ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል።

ለማቆም የወሰናችሁ፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ካንሰር የሚያመጡት ግን በዋናነት ትምባሆው ሲቃጠል የሚወጡት ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ስለዚህ ያለ ጭስ ኒኮቲን ሰጥቶ አምሮቱን የሚያስታግሰው የኒኮቲን ማስቲካ በጉዳቱ ከሲጋራ ጋር አይወዳደርም። ከእንቅልፍ ተነስቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ባለ 4 ሚሊግራሙን ይውሰድ፣ ሌላው 2ቱን። ብዙዎች “አልሠራልኝም” የሚሉት እንደ ተራ ማስቲካ ስለሚያኝኩት ነው፤ ያኔ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፣ ስቅታና የሆድ ማቃጠል ይከተላል። አፍ እስኪለበልብ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል ማቆየት፣ ልብለባው ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፤ እስከ 30 ደቂቃ። ከማኘካችሁ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘካችሁ ሳለ ቡና፣ ጭማቂ ወይም ለስላሳ አትጠጡ፤ አፍ ሲኮመጥጥ ኒኮቲኑ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ያስፈልጋል፤ በቀን ሁለት ሦስት ብቻ ወስዶ ውጤት መጠበቅ ሌላው ስሕተት ነው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ ወይም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከብዳሉ። አምሮቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ተሳስታችሁ አንድ ብታጨሱ ማስቲካውን አትጣሉት፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ውሰዱ።