ሁለተኛውም ልጅ ልቡን ይታመም ይሆን?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችን በሁለቱ የታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ እንዳለበት በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ታየ። ሌላ ልጅ አስበናል፤ ይደገማል? አማቴ «በእኛ ዘር የለም፣ ካንቺ ነው» ይላሉ። (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ከአማትዎ ክርክር እንጀምር፤ ጥፋተኛ የለም። ከልብ ችግር ጋር መወለድ በጠቅላላው ከ100 ሕፃናት በ1 ገደማ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ጂኖችና ሌሎች ምክንያቶች ተደራርበው ያመጡታል። ሰባት ቤት ቆጥረው የተጋቡም ይገጥማቸዋል። ወላጆች ጤነኛ ሆነው አንድ ልጅ ብቻ ከታመመ፣ የመደገም ዕድሉ ከ100 ከ2 እስከ 4 ገደማ ነው። ሁለት ልጆች ከታመሙ ወይም ከእናንተ አንዳችሁ ከልብ ችግር ጋር ከተወለዳችሁ ይጨምራል። ልጁ የዳውን ሲንድረም (በትርፍ ክሮሞዞም የሚመጣ የተፈጥሮ ችግር) ምልክት ካለው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልገዋል።

የፅንስ ልብ የሚሠራው ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ነው፤ ብዙ እናት ገና ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ከማርገዝዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፤ ያልተስተካከለ ስኳር ለፅንሱ ልብ ጠንቅ ነው። ቢያንስ ከ1 ወር ቀደም ብለው በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ (ዋና ጥቅሙ ለአከርካሪና ለአንጎል ቢሆንም)። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪም ይቀይርልዎ።

ከ18 እስከ 22 ሳምንት የፅንስ ልብ አልትራሳውንድ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ ይናገሩ። ትናንሽ ቀዳዳዎች በተለመደው አልትራሳውንድ ያመልጣሉ። ከወሊድ በኋላ ሕፃኑ ሲጠባ ካላበው፣ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።