ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቃድ፦ ጥያቄና መልስ

ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚከተለውን ምላሽ ሰጥቻለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትንም አንድ ላይ አጣምሬያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በብዙ አገሮች ጋዜጣ ለማሳተም ፈቃድ አያስፈልግም። ሬዲዮ ጣቢያ ለመክፈት ግን ለምን ይጠየቃል?

መልስ፦ ሁለት ጋዜጦች ጎን ለጎን ቢሸጡ አንዱ የሌላውን ፊደል አያጠፋም። ሁለት ጣቢያዎች ግን በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሞገድ ላይ ቢያሰራጩ አድማጩ አንዳቸውንም በቅጡ ላይሰማ ይችላል። ይህ ደግሞ በተግባር የታየ ነው። በአሜሪካ በ1912 የወጣው የሬዲዮ ሕግ ጣቢያዎች ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገድድ ነበር። ይሁን እንጂ በ1926 ዜኒት በተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ላይ በቀረበው ክስ ፍርድ ቤቱ፣ የንግድ ሚኒስትሩ ጣቢያዎችን በተመደበላቸው ሞገድና ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ የማስገደድ ሥልጣን በሕጉ አልተሰጠውም ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ጣቢያዎች የወደዱትን ሞገድ እየያዙ፣ የማሰራጫ ኃይላቸውንም እንዳሻቸው እየጨመሩ አየሩን አጨናነቁት፤ ችግሩ መልክ መያዝ የጀመረውም በ1927 አዲስ ሕግ ወጥቶ የፌዴራል ሬዲዮ ኮሚሽን ከተቋቋመ በኋላ ነው። እንግዲህ የፈቃድ ቀዳሚ መሠረቱ የሞገድ መጋጨት ነው። ስለ ባለቤትነትና ስለ ይዘት የሚወጡ ግዴታዎች ሌላ ማስረጃ የሚሹ ናቸውና «ሞገድ ውስን ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን ሁሉንም እንዲሸከም መደረጉ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ፈቃዱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

መልስ፦ በብዙ አገሮች ሁለት ነው፤ በአንድ ሰነድ ቢጠቃለል እንኳ በውስጡ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቴክኒካዊ ሲሆን ሞገዱን፣ የማሰራጫውን ቦታ፣ የሚሰራጨውን ኃይል፣ የአንቴናውን ከፍታና አቅጣጫ ይወስናል። ሁለተኛው የአገልግሎቱን ዓይነት ማለትም የንግድ፣ የማኅበረሰብ ወይም የሕዝብ መሆኑን፣ የሚሸፍነውን አካባቢና አንዳንድ ጊዜም የስርጭት ቋንቋውን ይመለከታል። አመልካቾች ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ኪሎ ዋት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ግን በአብዛኛው በቀጥታ የሚጓዝና ተራራ የሚጋርደው በመሆኑ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተተከለ አነስተኛ ማሰራጫ በሸለቆ ውስጥ ከተተከለ ትልቅ ማሰራጫ የበለጠ ሊሰማ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮዬን ስፈትሽ ባዶ ሞገድ አገኛለሁ። ባለሥልጣኑ ግን የለም ይላል። ለምን?

መልስ፦ ለእርስዎ ባዶ የሆነው ሞገድ ከድንበር ማዶ ላለ ጣቢያ የተመደበ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልሎች ይከፍላል። አፍሪካና አውሮፓ በሚገኙበት አንደኛው ክልል ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ድልድል በ1984 በጄኔቫ በተደረሰ ስምምነት የተወሰነ ሲሆን፣ ከዕቅዱ ውጪ አዲስ ማሰራጫ ለመትከል የሚሻ አገር ከሚነካቸው ጎረቤቶቹ ጋር መስማማት ይጠበቅበታል። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ በሌሊት ከላይኛው አየር ላይ እየነጠረ እጅግ ሩቅ ስለሚደርስ፣ ቀን ላይ ባዶ የመሰለው ማታ ባለቤት ይገኝለታል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ በጨረታ ቢሰጥ አድልዎን አያስቀርም?

መልስ፦ አድልዎን ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ብሪታንያ በ1991 የንግድ ቴሌቪዥን ፈቃዶችን በየአካባቢው ለጨረታ ስታቀርብ፣ ሴንትራል የተባለው ጣቢያ ተፎካካሪ ስላልገጠመው በዓመት 2,000 ፓውንድ ብቻ አቅርቦ አሸነፈ። በለንደን ግን ለረጅም ዓመታት የሠራው ቴምዝ በገንዘብ ተበልጦ ፈቃዱን አጣ። የጥራት መመዘኛ ቢኖርም እንኳ ገንዘቡ የማመዛዘኛውን አብዛኛውን ክብደት ይይዛል። እኔ በበኩሌ መመዘኛው ከነነጥቡ አስቀድሞ ይፋ የሚሆንበትን፣ ለተሸናፊውም ምክንያቱ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ውድድር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ለስንት ዓመት ይሰጣል?

መልስ፦ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ እስከ 8 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለራሱ ጣቢያ ብቻ ፈቅዶ ሌላውን ሁሉ ሊከለክል ይችላል?

መልስ፦ በአውሮፓ ብዙ አገሮች ለዐሥርተ ዓመታት እንዲህ አድርገዋል። የኢጣሊያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1976 ለአካባቢ የግል ጣቢያዎች በሩን ከፈተ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ1993 በኦስትሪያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የስርጭት ሞኖፖሉ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይጥሳል ብሏል፤ የቴክኒክ ዕድገትም የሞገድ እጥረትን ለዚህ ያህል ክልከላ ምክንያት ከመሆን እንዳወጣው ጠቅሷል።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥን ዲጂታል ከሆነ በኋላ ምን ተለወጠ?

መልስ፦ ቀድሞ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይይዝ በነበረው የሞገድ ቻናል አሁን በርካታ ፕሮግራሞች ተጠቃለው ይሰራጫሉ። ስለዚህ ሲግናሉን የሚያሰራጨው ድርጅትና ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ጣቢያ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ፈቃዳቸውም እንዲሁ። ይህ ጣቢያውን ምሰሶ ከማቆም ወጪ ያድነዋል። በሌላ በኩል ማሰራጫውን የያዘው ድርጅት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ጣቢያውን ለመዝጋት ፈቃዱን መሰረዝ ሳያስፈልግ መስመሩን መቁረጥ ይበቃል። የፈቃድ ሕጎች ሲረቀቁ ለዚህ ነጥብ የሚሰጠው ትኩረት አነስተኛ መሆኑ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ በሰፈር ብቻ የሚሰማ ትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ያለ ፈቃድ ብተክል ማንን ይጎዳል?

መልስ፦ ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያለው ሞገድ የአውሮፕላን አቅጣጫ ማመልከቻና የአብራሪዎች መገናኛ ነው። በቅጡ ያልተሠራ ማሰራጫ ከተመደበለት ሞገድ ውጪም ስለሚረጭ ጉዳቱ እዚያ ድረስ ሊደርስ ይችላል። አነስተኛ ኃይል ላላቸው ጣቢያዎች ቀለል ያለ ፈቃድ የሚሰጡ አገሮች ስላሉ፣ በአገርዎ ይህ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ብቻ ለሚተላለፍ ሬዲዮስ?

መልስ፦ ሞገድ ስለማይጠቀም የሞገድ ፈቃድ አያስፈልገውም። አንዳንድ አገሮች ግን ምዝገባ ወይም የይዘት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ለሚያስተላልፉት ሙዚቃ የሚከፈለው የቅጂ መብት ክፍያም በሁለቱም መንገድ አይቀርም።