የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጠቋሚዎችን ላጥና ወይስ የመድኃኒት ሽያጭ ሥራ ልያዝ?

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲረዱት ባጭሩ ልድገመው። የአሰላ ልጅ ነህ፤ ዕድሜህ 29 ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ በቴክኖሎጂስትነት አራት ዓመት ሠርተሃል፤ የማስተርስ ትምህርትህን እየተማርክም የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደርሰሃል። አማካሪህ ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ኸር2፣ ፒ53 እና ኪ-67 የተባሉ ባዮማርከሮችን (ስለ በሽታው የሚጠቁሙ፣ በናሙናው ውስጥ የሚለኩ ፕሮቲኖችን) መርምረህ የሕሙማኑን መጨረሻ ይተነብዩ እንደሆነ እንድታጠና ሐሳብ አቅርበውልሃል። የትምህርት ክፍያህን ሲሸፍንልህ የቆየው ታላቅ ወንድምህ ደግሞ በአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ሥራ አግኝቶልህ «በካንሰር ጥናት እንጀራ አይጋገርም» ይልሃል። አንተም «መድኃኒቱ በማይገኝበት አገር ማን ቶሎ እንደሚሞት ማወቅ ምን ይረባል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ዕድሜህ መግፋቱና እንግሊዝኛህ ደካማ መሆኑም አሳስቦሃል።

ዕድሜህ አልገፋም። እንግሊዝኛህን ጽሑፉን እየጻፍክ ታሻሽለዋለህ፤ የቋንቋን ነገር ግን በሌላ በኩል እመለስበታለሁ። ብዙ ልጽፍበት የምፈልገው ያ «ማወቅ ምን ይረባል?» ያልከው ጥያቄህ ነው፤ እኔ ራሴ ወደ ሙያ ምክር ከመግባቴ በፊት ለዓመታት በፓቶሎጂ (የቲሹ ምርመራ) ክፍል ማይክሮቶም በተባለው መቁረጫ መሣሪያ ፊት ተቀምጬ ብሎክ፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠ የሕሙማን ቲሹ፣ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው በመሆኔ ጥያቄው የቆየ ቁስል ነክቶብኛል።

ሁለት ዓይነት ጠቋሚዎችን ለይተህ ያዝ። አንደኛው የበሽታውን አካሄድ የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ማን ከየትኛው መድኃኒት እንደሚጠቀም የሚያመለክት ነው። ስለ ሁለተኛው ከሆነ የጠየቅከው፣ እውነት አለህ። ፒዲ-ኤል1 የተባለው ፕሮቲን ጎልቶ በሚታይባቸው የስኳመስ ሴል ካንሰር (ከምግብ ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጠፍጣፋ ሴሎች የሚነሣው ዓይነት) ሕሙማን ላይ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ ግማሾቹ ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ ከ8.8 ወር ወደ 13.9 ወር ከፍ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት አሳይቷል። ያን መድኃኒት ግን ከአርሲ ገጠር በአውቶቡስ የመጣ ገበሬ ከኪሱ ሊገዛው አይችልም።

የመጀመሪያው ዓይነት ጠቋሚ ግን የግድ ውድ መድኃኒት አይጠብቅም፤ የሚያግዘው ውሳኔን ነው። ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስትወጣ በአጥሩ ጥግ ብርድ ልብስ ታቅፈው የሚጠብቁትን ቤተሰቦች ታውቃቸዋለህ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንጀራው ቀርቶ ገንፎውም አልወርድ ካለው በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ደረቱን ከፍቶ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ ለጨረር ሕክምና ወረፋ ማስያዝ ወይም ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) አስገብቶ ቢያንስ ሾርባ እየዋጠ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ይችላል። የቀረው ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነ ሰው በሬውን ሸጦ፣ አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወረፋ ከጨረሰው በደል ነው። ቀዶ ሕክምናውን ሊቋቋምና ረጅም ዕድሜ ሊኖር የሚችለው ሰው «መጥፎ በሽታ ነው» ተብሎ ከተመለሰም እንዲሁ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለመለየት የሚረዳ ርካሽ ምልክት ቢገኝ፣ ጥቅሙ እንደኛ አልጋም ወረፋም በጠበበበት አገር ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አሁን ስለ ሦስቱ ጠቋሚዎች። በኸር2 ላይ አማካሪህን በአክብሮት ጠይቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዝናን ያተረፈለት ጥናት የተሠራው በጨጓራና የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት ስፍራ በሚነሣ አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚመጣ የካንሰር ዓይነት) ላይ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው ቀጠና በብዛት የሚታየው ግን ስኳመስ ሴል ካንሰር ነው። ፒ53 ደግሞ በዚህ ዓይነት ካንሰር በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ተበላሽቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሁሉም ዘንድ ያለ ነገር አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። ኪ-67 ይቆይ። በኸር2 ምትክ ከሕመምተኛው ካርድ ላይ ያለ ወጪ የምታገኛቸውን ሁለት ነገሮች ጨምር፤ ከመደበኛው የደም ምርመራ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት የተባሉትን የነጭ ደም ሴሎች ንጽጽር፣ እንዲሁም አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን መጠን። የመጀመሪያው ከፍ ማለቱ በብዙ አገሮች ጥናት ከአጭር ዕድሜ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ኢንፌክሽንም ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ግን ሕመምተኛው ያን ቀን ትኩሳት ይኑረው አይኑረው መመዝገብ አለብህ። አልቡሚንም በኢንፌክሽን ምክንያት ሊወርድ እንደሚችል አትርሳ።

እንደ እኔ እምነት ግን ጥናትህን የሚያቆመውም የሚጥለውም የጠቋሚው ምርጫ አይደለም። ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ ለአንድ የካንሰር ጥናት 52 ብሎኮችን ቆርጬ ነበር። ስላይዱ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ቁጥር ሰሙን በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ በዛይሊን ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠብ ሁሉንም በእርሳስ ጻፍኩ፤ ቀለሙም አምሮ ወጣ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ግን «የሕመምተኛው ሁኔታ» የሚለው የመጨረሻው ዓምድ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆነ። ሰዎቹ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የጠየቀ አልነበረም። መጨረሻው ያልታወቀ ሰው ላይ ትንበያ አይፈተንም፤ ጥናቱም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሩ ትልቅ ነገር ቢሆንም የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው፤ ከአርሲና ከባሌ መጥተው የሚመለሱት የአንተ ሕሙማን እዚያ አይገኙም።

በዚህ ላይ ነው ቋንቋህ የሚመጣው። ስለ እንግሊዝኛህ ስትጨነቅ አፋን ኦሮሞ አፍህን የፈታህበት መሆኑን በደብዳቤህ እንደ ዋዛ አልፈኸዋል። ከእነዚያ ቤተሰቦች ጋር በስልክ ተነጋግሮ አንድ ሰው መቼ እንዳረፈ በጨዋ ደንብ መጠየቅ የሚችል የላቦራቶሪ ባለሙያ እምብዛም አይገኝም። እኔ በሌላ ሥራ ስደውል ያገኘኋት አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት በቀን አልነገረችኝም፤ «በኅዳር ሚካኤል ቀበርነው» አለችኝ፤ እኔም ኅዳር 12 ብዬ ጻፍኩ። አንተን «ከረመዳን ጾም ሦስት ቀን ሲቀረው» የሚሉህ ይኖራሉ፤ ያንን በየዓመቱ መቁጠሪያ እየፈለግህ ወደ ቀን ትለውጠዋለህ። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳታገኝ ግን ለማንም እንዳትደውል፤ ስትደውልም ማጽናናት እንጂ ስለ ጠቋሚው ውጤት ለሐዘንተኛ መንገር ያንተ ሥራ አይደለም። ቲሹ ቆርጦ ማቅለም፣ ካርድ ማንበብና ሕሙማንን እስከ መጨረሻው መከታተል በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ፣ ያ ሰው ሆስፒታልም የምርምር ተቋምም የሚፈልገው ይሆናል።

ወንድምህን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የከፈለልህ ገንዘብ ውለታ ነው፤ ውለታም ይመለሳል፤ በየወሩ ምን ያህል እንደምትመልስለት ተነጋግራችሁ ጻፉት። ገንዘቡን ስለሰጠ ግን የምትሠራውን ሥራ የመምረጥ መብት አልገዛም፤ ይህን ፊት ለፊት፣ በፍቅር ንገረው። የሽያጭ ሥራው ነውር የለበትም። ነገር ግን ያ በር ማስተርስህን ከጨረስክ በኋላም አይዘጋብህም፤ እጅህ ከማይክሮስኮፕ ርቆ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ ግን ወደ ላቦራቶሪ መመለስ ከባድ ነው። እስከዚያው የግል ላቦራቶሪውን ሥራ አትልቀቅ፤ ለእናትህ የምትልከው ገንዘብ ከዚያ የሚመጣ ነውና ፈረቃህን ወደ ማታ እንዲያዛውሩልህ ጠይቅ። ጠቋሚዎቹን በቲሹው ላይ ለማቅለም የሚያገለግለውን አንቲቦዲ ከኪስህ እንዳትገዛም አደራ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ፣ በመንገድ ላይ ቅዝቃዜው ከተቋረጠም የሚበላሽ ዕቃ ነው።

ርዕሱን ከማስመዝገብህ በፊት አማካሪህንና የካርድ ክፍሉን ኃላፊ አስፈቅደህ የ20 ሕሙማን ካርድ አውጣ። ስንቶቹ ላይ የሚሠራ የሚመስል ስልክ ቁጥር እንዳለ፣ ስንቶቹም ብሎካቸው መደርደሪያው ላይ እንደሚገኝ ቁጠር። ሁለቱም ያላቸው 12 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ርዕሱን ያዘው። ካነሱ አሮጌ ናሙና መፈለግ ትተህ ከዛሬ ጀምሮ የሚመጡትን ሕሙማን ከነስልካቸው እየመዘገብክ የምትከታተልበትን ጥናት ለአማካሪህ አቅርብ፤ ያ ምናልባት አንድ ሴሚስተር ይጨምርብሃል። ለወንድምህም መልስ የምትሰጠው ቁጥሩን ካወቅህ በኋላ ይሁን፤ እኔም ስንት እንደሆነ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።