ወይዘሮ ማን ነበረች?

ልጆቼ፣ ከዳኝነት ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ከተቀመጥኩ ወዲህ «ድሮ ሴት እንዴት ነበረች?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ «የትኛዋ ሴት?» እላለሁ።

ዛሬ ያገባችን ሁሉ ወይዘሮ እንላለን። ድሮ ግን ማዕረጉ የመኳንንት ዘር ነበር። እናቴ መንዝ ውስጥ በአንድ ባላባት ቤት ፈጪ ነበረች። «አንቺ» እንጂ ወይዘሮ ያላት አልነበረም። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ ትገፋለች። ገብሱ አያልቅም። ወፍጮው ሲለሰልስ ራሷ ትወቅረዋለች። መዳፏ ከድንጋዩ አይለይም ነበር።

የቤቱ እመቤት እጇ ውሃ አይነካም። ከአባቷ ርስት ወርሳለች፤ በእኛ አገር ሴት ልጅም ርስት ትወርስ ነበር። «ሴት በማጀት ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት ግማሽ እውነት ነው። ዳኝነት የጀመርኩት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ነው። ያኔ ስንቱ ጎምቱ ባላባት ችሎት ቆሞ «በእናቴ በኩል» እያለ ትውልድ ሲቆጥር ሰምቻለሁ! ርስት የሌላት ሴት ግን ማንም አይቆጥራትም።

ወይዘሮዋም ብትሆን ባሏን አልመረጠችም። በልጅነቷ ነው የዳሯት። እናቴ አንድ ቀን መሯት ነጠላዋን ብቻ ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች። እመቤቲቱ እንዲህ ማድረግ አትችልም ነበር። ነጻነት ነው እንዳትሉኝ ታዲያ፤ እናቴ የሄደችው ወደ ሌላ ሰው ወፍጮ ነው።

አንዳንዴ ማጀቱ ታሪክ ይወልዳል። በ1836 አንጎለላ ላይ ምኒልክን የወለዱት እጅጋየሁ በሣህለ ሥላሴ ቤት አገልጋይ ነበሩ ይባላል። ግን ስንቷ አገልጋይ ንጉሥ ወለደች?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ነበር። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ እኩል አደረጋቸው። ዝርዝሩን አንብቡት።

ይልቅ አያታችሁ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ ሳይሆን ዱቄቱን ማን ይፈጭ እንደነበር ጠይቁ። መልሱ ሲዘገይ አትቸኩሉ።

እናቴ አርጅታ መታወቂያ ላወጣላት ቀበሌ ወሰድኳት። ጸሐፊው ከስሟ ፊት «ወ/ሮ» ብሎ ጽፎ አነበበላት። ደንግጣ ቀና አለች። «ኧረ ተሳስተሃል ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አለችው።