ለማርያም ሻማ ማብራት ማምለክ ነው ወይ?

የደሴው ወንድማችን፣ ጥያቄህ "ካቶሊኮች ቅዱሳንን እናከብራለን እንጂ አናመልክም ትላላችሁ፤ ታዲያ በማርያም ሥዕል ፊት መንበርከኩና ሻማው ምንድን ነው?" የሚል ነው። እኔ ኮምቦልቻ ነው ያደግኩት፣ ካቶሊክ ነኝ። ይቺን ነገር ያልጠየቀኝ ጎረቤት የለም። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ።

መጀመሪያ ጉልበቱን ተወው። ሰው በብዙ ምክንያት ይንበረከካል። ይልቅ የሚባለውን ስማ፣ የሚቀርበውንም እይ።

ቅዱሳንን በየስማቸው የምንጠራበት ረጅም ጸሎት አለን። እግዚአብሔር ሲጠራ ሕዝቡ "ማረን"፣ "አድነን" ይላል። ማርያም ወይም ጴጥሮስ ሲጠሩ ግን መልሱ "ለምኑልን" ነው። በመቁጠሪያ የምንደግመውም እሷን "ለምኚልን" ማለት ነው። ይሄ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊም ሽማግሌ ሲያገኝ "አባባ፣ ዱዓ ያርጉልኝ" ይላል። ሽማግሌውን አመለከ የሚለው የለም። እኛ የምንጨምረው፣ ያረፉት ቅዱሳን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸው፣ ይለምኑልናል የሚለውን ነው። ጴንጤው ጎረቤቴ እዚህ ላይ አይስማማም፤ እውነተኛ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ግን ቅዱሳን ይሰሙናል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ዋናው ቅዳሴው ነው። መሥዋዕት የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። በማርያም በዓል እንኳ ስሟ ይነሳል፣ ትመሰገናለች፤ መሥዋዕቱ ግን ለእሷ አይቀርብም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ይሄው ክስ ቀርቦበት ነበር። በሰማዕታት መቃብር ላይ ቆሞ "ጴጥሮስ ሆይ ላንተ እናቀርባለን" የሚል ካህን የለም ብሎ ነው የመለሰው። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት አሉ። እንደገቡ ቅዱስ ቁርባኑ ወደሚቀመጥበት ዞረው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ። ይሄ አምልኮ ነው፤ ቁርባኑ ራሱ ክርስቶስ ነው ብለን ስለምናምን። ከዚያ ወደ ማርያም ሥዕል ይሄዳሉ። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ሻማ ይለኩሳሉ፣ የልጃቸውን ነገር በሹክሹክታ ይነግሯታል። እ.ኤ.አ. በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ የወሰነውም ይሄንኑ ነው። ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ወደ ተሣለው ያልፋል፤ አምልኮ ግን የመለኮት ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ለእግዚአብሔር የሚሰጠውን ላትሪያ፣ ለቅዱሳን የሚሰጠውን ዱሊያ፣ ለማርያም የሚሰጠውን ሃይፐርዱሊያ ይሉታል። መሸምደድ አይጠበቅብህም።

ክብሩ ራሱ ደረጃ አለው። የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ተባሉ፤ እኛ ጋ ይሄ ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ደረጃ ነው። መምህራቸው ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተብለዋል። መርምራ፣ ጊዜ ወስዳ ይህን የምትፈቅደው ቤተ ክርስቲያን ናት። አምልኮ ግን ማንም ለማንም የሚፈቅደው ነገር አይደለም።

በተግባር መስመሩን የሚስት የለም አልልህም። ሻማውን ለኩሶ ቅዳሴው ሳይጀመር ውልቅ የሚል አለ። ስለቱ የሰመረለትን ቅዱስ እንጂ ሌላ የማያውቅም አለ። ካህናቱ ይቆጣሉ፣ ደግ አደረጉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሰባኪዎች ስለ ማርያም ሲናገሩ እንዳያጋንኑም፣ እንዳያሳንሱም አስጠንቅቋል።

ከፈለግክ አንድ እሑድ መጥተህ ከኋላ ቁጭ በል። ጸሎቱ ወደ ማን እንደሚሄድ አዳምጥ። ግእዙ ካስቸገረህ አጠገብህ ያለውን ጠይቅ፣ ማንም አይቆጣህም።