ተክል ለመሰየም ለምትነሡ ወጣቶች

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በተዘጋጀ የመስክ ሥልጠና ላይ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ። ጥያቄዋ «አበባም ፍሬም የሌለውን ተክል ቆርጦ፣ አድርቆ ወደ ሄርባሪየም ማምጣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ነበር። ሄርባሪየም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ተለይተው የሚቀመጡበት ቤት ነው። የአካባቢውን ዕፅዋት ዝርዝር ለማሟላት እንደሚረዳ፣ ከደረቀ ቅጠልም ዲኤንኤ ማውጣት እንደሚቻል መለስሁላት። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲቆጨኝ የኖረ አንድ ናሙና አለና፤ እርሱም አበባ የሌለው ነው።

ስለ ትጋት፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ንባብ አልጽፍላችሁም፤ እነዚህን ከወላጆቻችሁና ከመምህሮቻችሁ ሰምታችኋል። ስለዚያ ናሙና ግን ልንገራችሁ።

ጊዜው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1980 ከተጀመረ ብዙም ያልቆየ ነበር። ዓላማው በአገሩ የሚበቅለውን ተክል ሁሉ በስሙ፣ በመግለጫውና በመለያው በመጽሐፍ ማስፈር ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን የያዙ ስምንት ቅጾች ወጥተዋል። እነ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ከስዊድን ወገን ደግሞ እነ ፕሮፌሰር ኢንጋ ሄድበርግ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ረዳት ስሆን ዋናው ተግባሬ ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በጣውላ መጭመቂያ ማድረቅ፣ በየቀኑ የረጠበውን ጋዜጣ በደረቅ መለወጥና መለያ መጻፍ ነበር።

በጥር ወር ወደ ከፋ ወረድን። ጥር የተመረጠበት ምክንያት ዕፅዋቱን አይመለከትም፤ ላንድሮቨሩ ወደ ደኑ ዳር ሊደርስ የሚችለው በበጋ ስለሆነ ብቻ ነው። መንገዱን የሚያሳዩን በዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። የከፋ ንብ አናቢዎች የደኑን አበባ የሚያውቁት በማሩ ነው። ነጩ ማር ከገተማ ዛፍ እንደሚመጣ፣ የብሳናው ማር መቼ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው ዓመት አበባ እንደሚያሳንስ አባባ በአስተርጓሚ ሲነግሩን በእግራችን እየሄድን እጽፍ ነበር። ያንን ማስታወሻ ዛሬም ሳነበው ብዙ እማርበታለሁ።

በአንድ ጅረት ዳር ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ የሚል ቁጥቋጦ አገኘን። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ የበቀሉ፣ ጠርዛቸው ጥርስ የሌለው ሲሆኑ፣ በሁለቱ ቅጠሎች አንገት መካከል ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሽፋን ትታይ ነበር። ይህች ሽፋን ካለች ተክሉ ከቡና ቤተሰብ፣ ማለትም ከሩቢያሲ፣ ለመሆኑ ብዙ አያጠራጥርም። ከዚያ አልፎ ወገኑን (ጂነሱን)፣ ማለትም ከቤተሰብ በታች ከዝርያ በላይ ያለውን ክፍል፣ ለማወቅ ግን እምቡጡን መክፈት ያስፈልጋል፤ የአበባው ቅጠሎች በእምቡጡ ውስጥ ተጠማዝዘው ይሁን ወይም ጎን ለጎን ገጥመው መተኛታቸውን፣ በዘር ማቀፊያው በእያንዳንዱ ክፍል ስንት የዘር እንቁላል እንዳለ ማየት ግድ ነው። በዚያ ቁጥቋጦ ላይ ግን አንድ እምቡጥ እንኳ አልነበረም። ከሥሩ የወደቀ ፍሬ ፈለግን፤ አላገኘንም።

አባባ ሲያዩን ቆይተው የተናገሩት ቃል ዛሬም በጆሮዬ አለ። «ይህ የሚያብበው የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው፤ ጥቂት ቀን ነጭ ሆኖ ይቆይና ይረግፋል። በእነዚያ ቀናት ንቦቼ ወደ ሌላ ተክል አይሄዱም» አሉ። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ያብባል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋል። ስለዚህ የአዛውንቱ ቃል ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ቀጥለው ያሉት ነገር ግን አስደነቀኝ። «ወረቀቱንና ጣውላውን ትታችሁልኝ ብትሄዱ፣ ሲያብብ እኔ እንደ እናንተ አድርጌ አስቀምጥላችኋለሁ» አሉ።

የጉዞው ኃላፊ በአክብሮት አመስግነው አልተቀበሏቸውም። በጊዜው ምክንያት ነበራቸው፤ መጭመቂያዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ ከንብረት ክፍል የወጡትም በፊርማ ነው፣ ከዚያ መንደር ወደ አዲስ አበባ ናሙና የሚልክ ፖስታ ቤትም በአቅራቢያው አልነበረም። በዝናቡ ወቅት እንመለሳለን ብለን ተሰናበትናቸው። አዲስ አበባ ስንደርስ ናሙናውን በሄርባሪየሙ ካለው የዚያ ቤተሰብ ስብስብ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት፤ የሚመስለው አልተገኘም። ቅጂው፣ ማለትም ከዚያው ቁጥቋጦ የተቆረጠው ሁለተኛ ናሙና፣ ወደ አውሮፓ ተልኮ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ አዲስ ሊሆን ይችላል፣ አበባ ላኩ የሚል። በሚቀጥለው ዝናብ ግን መኪና አልተፈቀደልንም፤ በሚከተለውም እንዲሁ። በመካከሉ አገሩ ብዙ ነገር ደረሰበት። በመጨረሻ ስንመለስ የጅረቱ ዳር ተመንጥሮ ታርሷል፤ አዛውንቱም አርፈው ልጃቸው ተቀበለን። በአጎራባቹ ሸለቆዎች ፈለግን፤ ልጁም ዛፍ ለዛፍ እየወጣ ከእኛ ጋር ፈለገ። እስከ ዛሬ ያንን ተክል ያየው ሰው የለም፤ ናሙናውም ከቤተሰቡ ስም በቀር ምንም ያልተጻፈበት ሆኖ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ይገኛል።

ሳይንሳዊ ስም የሌለው ተክል በሕግና በመዝገብ ፊት የለም ማለት ይቻላል። በመጥፋት ላይ ባሉ ዝርያዎች ቀይ መዝገብ ላይ የሚገባው በአብዛኛው ስምና መግለጫ ያለው ዝርያ ነው፤ መንገድ ሲቀየስ ወይም እርሻ ሲሰፋ ለአንድ ተክል መከራከር የሚቻለውም በስሙ ነው። ይህ በጥቃቅን ተክሎች ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። በኦጋዴን ስምንት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት የሚሸፍን የግራር ዓይነት እስከዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ድረስ ሳይንሳዊ ስም አልነበረውም። የኡፕሳላው ማትስ ቱሊን ናቸው አካሲያ ፉሞሳ ብለው የሰየሙት። በሥሩ ከብት ሲያሰማራ የኖረው ሕዝብ ግን ዛፉን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ተክሉን በሕይወት ሳለ ግለጹት። ደርቆ በወረቀት ላይ የተሰፋ ናሙና ቅርጹንና ልኩን ያቆያል፤ ሽታውን፣ ሲቆረጥ የሚወጣውን ፈሳሽ ቀለም፣ የአበባውን መልክና አቀማመጡን ግን ያጣል። በእሬት ዝርያዎች ላይ ይህ ችግር ይበረታል፤ ወፍራም ቅጠላቸው ለመድረቅ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰብሳቢዎች ይሸሿቸው ነበር፣ የተሰበሰቡትም ቢሆኑ የቅጠላቸው ነጠብጣብና ቀለም ጠፍቶ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ማይክል ጊልበርትና ሰብስቤ ደምሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት የአንኮበር እሬት ከገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚበቅል ነው፤ ይህን ጠባዩን ከደረቀ ቅጠል ማንም ሊያነብ አይችልም። አንኮበር ገደል ጫፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ ያንን ተክል ቁልቁል ያየሁበት ማለዳ ከሕይወቴ ደስታዎች አንዱ ነው፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ቀዩ አበባ ከታች ብቅ ሲል አብረውኝ የነበሩት ልጆች እልል አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እናንተ ስለ ዛሬዎቹ ያለኝን አስተያየት አልደብቅም። ተክሉን ሳትነኩት ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ታልፋላችሁ። ስልኩ ስም ሲነግራችሁ ታምኑታላችሁ፤ እኔ ባየሁት መጠን ግን ለአትክልት ቦታ አበቦች ደህና የሚሠራው ይህ መሣሪያ ለደናችን ቁጥቋጦዎች ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ስም ይሰጣል። ቅጠሉን ቀጥቅጣችሁ አሽትቱ፣ ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ተመልከቱት፤ የሎሚ ቤተሰብ ከሆነ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። የኪስ ማጉያ መነጽር በአንገታችሁ ይኑር። በሌላ በኩል ያገኛችሁትን ለጓደኛ ለማካፈል አትሰስቱም፤ በእኔ ዘመን አንዳንዶች ናሙናቸውን በመሳቢያ ቆልፈው ነው ጡረታ የወጡት። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

አዲስ ዝርያ አገኘሁ ለማለት አትቸኩሉ። ያው ተክል በሱዳን፣ በኬንያ ወይም በየመን ሌላ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ በአንድ ተክል ላይ የተደራረቡ ስሞች ለተከታዩ ትውልድ የማያልቅ ሥራ ናቸው። የስም አወጣጡ ደንብ አበባ ያስፈልጋል አይልም። የሚጠይቀው መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህም ዓይነተኛ ናሙና፣ ማለትም ስሙ የየትኛው ተክል እንደሆነ ማመሳከሪያ የሚሆን አንድ ናሙና፣ ነው፤ መግለጫው በላቲን ብቻ ይጻፍ የሚለው ግዴታም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቀርቶ በእንግሊዝኛም ይቻላል። ቢሆንም አበባውን ሳታዩ አትሰይሙ ስል ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ ግን ያ የከፋ ቁጥቋጦ ይመጣብኛል፤ ቅጠሉን ብቻ ይዘን ብንሰይመው ኖሮ ቢያንስ የሚፈልገው ሰው ይኖር ነበር። ሁለቱን አሳቦች ማስታረቅ አልቻልሁም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ስለ ስሙም ሁለት ቃል ልናገር። ለሰው ክብር ሲባል የሚሰጥ ስም አልወድም፤ የተክሉን ጠባይ፣ ቦታውን ወይም የአገሬውን መጠሪያ የሚይዝ ስም እመርጣለሁ። ዶክተር መስፍን ታደሰ በየቤታችን ለጢስ የሚታጠነውን ሥር ኢኪኖፕስ ቀበሪቾ ብለው ሲሰይሙት፣ ያንን ተክል ሲሸጡና ሲያጤሱ የኖሩ እናቶች ቃል ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ ገባ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ቡናን የዐረብ (አራቢካ) ብሎ ሰየመው፤ ደንቡ የቀደመውን ስም ስለሚያስከብር የከፋና የአካባቢው ደን ተወላጅ ሆኖ ሳለ በዚያው ስም ይኖራል። ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላም ያ ቁጥቋጦ አንድ ቀን አብቦ ቢገኝ፣ በእኚያ ንብ አናቢ ስም ቢጠራ እደሰታለሁ። በዚያን ጊዜ በናሙናው መለያ ላይ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር እንጂ የአስጎብኚው ስም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። አሁን እናንተ ቦታ አብጁለት፤ የነገራችሁን ሰው ስም፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ በተናገረበት ቋንቋ ከተነገረው የተክል ስም ጋር ጻፉ። ለመልካም ንብ አናቢም መጭመቂያና ጋዜጣ ትታችሁለት ተመለሱ፤ ዛሬ ሲያብብ በስልክ ሊጠራችሁ ይችላል።

ከምትሰበስቡት ሁሉ ቅጂ ይኑር፤ አንደኛው ግን አዲስ አበባ ይቅር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የበርሊኑ ሄርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ በርካታ ዓይነተኛ ናሙናዎች አመድ ሆነዋል። ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በትግራይ ኖሮ የሰበሰባቸው ተክሎች ዛሬ ሊመረመሩ የቻሉት ቅጂዎቻቸው ለፓሪስ፣ ለለንደንና ለሌሎች ከተሞች ቀደም ብለው ስለተከፋፈሉ ነው።

ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት በአራት ኪሎው ብሔራዊ ሄርባሪየም ያልተለዩ ናሙናዎች ያሉባቸውን አቃፊዎች ግለጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአዳዲስ የአበባ ተክሎች መካከል በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ይፋ የሆኑት ከመቶ 16 ብቻ ናቸው፤ ሩብ ያህሉን ለመሰየም ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ናሙናዎች አስፈልገዋል። በየመለያው ላይ የተጻፈውን የወር ስም ወደ ማስታወሻችሁ ገልብጡና ቁጠሩ። ከደቡብ ምዕራቡ ደን የመጡት ናሙናዎች አብዛኞቹ የበጋ ወራት መሆናቸውን፣ መንገዱ የሚጨቀይባቸው የመጋቢትና የሚያዝያ ናሙናዎች ግን ጥቂት መሆናቸውን ታያላችሁ። የጉዞ ዕቅዳችሁን በእነዚያ ወራት አውጡ፤ መኪናውንም ከአሁኑ ጠይቁ።